የነዳያን ምሳ

ስሜ መነን ነው። ጀርመን አገር፣ ዞሰንሃይም በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሜንዛ በሚሉት የልጆች መመገቢያ አዳራሽ፣ ጭልፋ ይዤ ከቆምኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ምግቡን የምሠራው እኔ አይደለሁም፤ ከዚያ ኃጢአት እንኳ ነጻ ነኝ። በመኪና ተጭኖ ይመጣል፣ አሞቃለሁ፣ እጨልፋለሁ። ሰኞ የተፈጨ ድንች፣ ማክሰኞ ያልተፈጨ ድንች፣ ረቡዕ ፓስታ፣ ሐሙስ ሩዝ፣ ዓርብ ዓሣ የሚሉት አራት ማዕዘን ነገር። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን ቢያቀርቡልኝ ከነገሩ ጾም እደሩ ብዬ እተኛ ነበር።

ይህንን ምሳ ነው እንግዲህ የድህነት መለኪያ ያደረጉት። ትኩሳት በብብት ይለካል፣ የዞሰንሃይም ድህነት በኔ ጭልፋ።

አልቀለድኩም። በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ለየወላጁ ቅጽ ይታደላል። ገቢዬ አይበቃም የሚል ሞልቶ ይፈርማል፣ ልጁም በነጻ ይበላል። ማን በነጻ እንደሚበላ፣ ማን እንደሚከፍል ልጆቹም አያውቁ፣ እኔም አላውቅ፤ የሚያሳዩኝ ካርድ አንድ ዓይነት ነው። እስከዚህ ድረስ መልካም። ከዚያ ግን ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰው ይመጣና ፊርማ ይቆጥራል። ከአሥር ልጅ አራቱ ወላጁ የፈረመለት ከሆነ ትምህርት ቤቱ ድሃ ነው ተብሎ ተጨማሪ አስተማሪ ይመደብለታል። ከዚያ ካነሰ ደልቶታል ማለት ነውና አስተማሪዋ ወደ ሌላ ትነሳለች። ቤት ለቤት ዞሮ ድስት የሚከፍት የለም። ያልፈረመ ጠግቧል።

የኛ ተጨማሪ አስተማሪ ፍራው ቤርትራም፣ ወይዘሮ ቤርትራም እንደማለት፣ ትባል ነበር። ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ እኔ ጠረጴዛ ስወለውል፣ ጀርመንኛ መጻፍ ያስቸገራቸውን ልጆች እዚያው አዳራሽ ጥግ ላይ ይዛ ትቀመጣለች። ሳቅ የሚባል ነገር አታውቅም። ልጅ ሲገባውና ሳይገባው ግን ከፊቱ ታነባለች። ያልገባው ልጅ ሳይገባው ከዚያ ወንበር ሲነሳ አይቼ አላውቅም።

ከነዚያ ልጆች አንዷ ኑኃሚን ነበረች፤ የዘመናይ ልጅ። ዘመናይ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አውሮፕላን የምታጸዳ፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ከመጣች ሰባት ዓመት የሆናት የወሎ ሴት ናት። ኑኃሚን አሥር ዓመቷ ነው፣ አራተኛ ክፍል። ስትናገረው ጀርመንኛው እንደ ውኃ ይፈስላታል፣ ስትጽፈው ግን ይሰባበርባታል። በዚህ አገር ደግሞ አራተኛ ክፍል ዳገት ነው። በጥር መጨረሻ አስተማሪዎቹ ተሰብስበው ይህች ጊምናዚዩም ትግባ፣ ይኸ አይግባ ይላሉ። ጊምናዚዩም የገባ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፣ ያልገባ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፤ መንገድ ላይ የሚቀረውም ብዙ ነው። ገና የወተት ጥርሷን ነቅላ ያልጨረሰች ልጅ ዕጣዋ ይወጣል።

አንድ ቀን፣ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ አልኳት። ዳኛ አለችኝ። ለምን ስላት፣ "ዳኛ ሲናገር ሰው ሁሉ ዝም ይላል። እማዬም ጭምር" አለች። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ፍራው ቤርትራምን ለብቻዋ ሳገኛት ስለ ልጅቷ ጠየቅኳት። "እስከ ጥር ከኔ ጋር ከቆየች ትገባለች" አለችኝ። ያች ሴት ደግሞ ለማስደሰት ብላ የምትናገረው ነገር የላትም። እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ሥር ይኸው ነው፤ ፍራው ቤርትራም እስከ ጥር ትቆያለች ወይስ አትቆይም።

ያን ዓመት ለዲሬክተሯ በጎ ሐሳብ መጣላት። ትልቅ ሰው በጎ ሐሳብ መጣልኝ ሲላችሁ ፍሩ። ለኢትዮጵያውያን ወላጆች ቅጹ በአማርኛ ይተርጎምላቸው፣ መብታቸው ነው አለች። መጀመሪያ የጠየቀችው እኔን ነበር። ጀርመንኛን ባፌ እንጂ በእጄ አልችለውም ብዬ ወደ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል መራኋት።

ጋሽ ዓምደ ሚካኤል በደርግ ጊዜ ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ አርባ ዓመት ጉትሎይትፊርቴል በሚባል ሰፈር የኖሩ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ከሳቸው የተማረ ሐበሻ በዚህ ከተማ አለ ቢባል አላምንም። አማርኛቸውን ግን የመጡ ዕለት ሻንጣ ውስጥ ቆልፈውበታል። በበዓል በበዓል ያወጡትና ግእዝ ነስንሰውበት መልሰው ይቆልፉታል። ቅጹን በደስታ ተቀበሉ። ሦስት ሳምንት ደከሙበት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ቅጹ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መነጽሬን አድርጌ አርእስቱን አየሁት። "ለነዳያን ልጆች በነጻ ስለሚታደል ምሳ የቀረበ ማመልከቻ" ይላል። ዝቅ ሲል ደግሞ፣ "እኔ ስሜ ከዚህ በታች የሰፈረው ነዳይ፣ ልጄ ከዚህ ምጽዋት ተካፋይ ይሆን ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ።"

የጀርመንኛው ቅጽ የሚለው ችግር ያለበት ቤተሰብ ነው። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ነዳይ አደረጉት። ነዳይ ደግሞ ለኛ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጨርቅ አንጥፎ ስለ ማርያም የሚል ሰው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን አጥፎ ዝም ይላል። እኔን ግን ምላሴ ይበላኛል፤ እናቴም ሳታርመኝ ሞተች። ወንበር ላይ ወጣሁና እንደ ዲያቆን ድምፄን ጎትቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ሹመት መጥቶላችኋል" አልኩ። "ከነገ ጀምሮ ነጠላችሁን አንጥፋችሁ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ትደረደራላችሁ፣ እኔ በመስኮት ድንች እወረውርላችኋለሁ።" ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሻይ በአፍንጫው የወጣበት ሰው ነበር። ቄሱ ሳይቀሩ ጺማቸውን ይዘው ፊታቸውን አዞሩ። እኔም ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሻችሁ።

ያልሳቀችው ዘመናይ ብቻ ነበረች። ወረቀቷን አራት ቦታ አጠፈችና ቀደደችው። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" አለች፣ ቀስ ብላ። እሷ ስትቀድ ሌሎቹም አይተው ቀደዱ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ያለን ሐበሻ አሥራ አንድ ቤት፣ አሥራ አራት ልጅ ነው። አንድ ሰው አልፈረመም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ኑኃሚን ከሰልፌ ጠፋች። እናቷ ከፍላ እንዳታበላት አቅሙ የላትም፣ ፈርማ እንዳታበላት ነዳይ ልትሆን ነው። በምሳ ሰዓት ልጅቷ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ደረቅ ዳቦዋን ይዛ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ወጥቼ፣ "ነይ ትንሽ ልጨልፍልሽ" አልኳት።

"በልቻለሁ፣ ታንተ መነን" አለችኝ፤ ታንተ በጀርመንኛ አክስት ማለት ነው።

በልቻለሁ የሚለው ቃል በኛ ዘንድ ከሆድ ጋር ግንኙነት የለውም። ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሐበሻ ሰው ቤት ሲገባ በልቻለሁ ነው የሚለው። ባለቤቱም ሦስት ጊዜ በሞቴ ብሎ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ይበላል፣ ሁለቱም ክብራቸው አይነካም። ጀርመን ግን አንድ ጊዜ በልቻለሁ ካልከው እሺ ብሎ ሳህኑን ያነሳል። በዚህ አገር ባንዲት በልቻለሁ ስንት ሐበሻ ጦሙን እንዳደረ ቢቆጠር ጥሩ ነበር፤ እሱን የሚቆጥር መሥሪያ ቤት ግን የለም።

በጥቅምት ዲሬክተሯ ራሷ ወደ ሜንዛው ወረደች። "ፍራው መነን፣ ኢትዮጵያውያኑ ምን ነካቸው?" አለችኝ። አምና አሥራ አራቱም ልጆች ተፈርሞላቸው ነበር። እርግጥ ነው፣ አምና ቅጹ በጀርመንኛ ስለነበረ ማንም ሳያነበው ነው የፈረመው። ሰው የማይገባውን ሲፈርም ሰላም ነው። ዘንድሮ ገባንና አገር ፈረሰ።

ከዚያ የሚያስፈራውን ነገረችኝ። በነዚህ አሥራ አራት ልጆች መጉደል ቁጥሩ ከአሥር አራት በታች ወርዷል። የሚቆጥረው ሰው ነገሩ ስለገረመው ኅዳር ላይ በሚደረገው የወላጆች ቀን መጥቶ በዓይኑ ሊያይ ነው። እስከ ኅዳር ሃያ ካልተፈረመ ፍራው ቤርትራም ከገና በኋላ የለችም። ጭልፋው ከእጄ ወደቀ ብል ውሸት ነው፤ ድንቹን ግን ልጁ ሳህን ላይ ሳይሆን እጁ ላይ ነው የጨለፍኩት።

በማግስቱ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ቤት ሄድኩ።

"ጋሼ፣ እባክዎ ነዳይ የምትለውን ቃል ያውጡልን" አልኳቸው።

"ምን ነውር አለባት?" አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። "በግእዝ ነዳይ ማለት ያጣ ማለት ነው። ያጣ ሰው አጣሁ ቢል ምንድን ነው ነውሩ?"

"ዞሰንሃይም ውስጥ ግእዝ የሚሰማ የለማ፣ ጋሼ። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ብንለውስ?"

"እሱ የቢሮ አማርኛ ነው። ጣዕም የለውም።"

"ምሳውም ጣዕም የለውም፣ ይስማማሉ" አልኳቸው።

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "ወንበር ላይ ቆመሽ ስታላግጪብኝ እንደነበር ሰምቻለሁ" አሉ። "ያን ዕለት መጥተሽ፣ ጋሼ እዚህ ጋ ተሳስተዋል ብትይኝ በአምስት ደቂቃ አርሜው ነበር። ሥራዬ ማረም ነበር እኮ። ሠላሳ ዓመት የሰው ንድፍ ሳርም ነው የኖርኩት።"

እውነታቸውን ነበር። ለመሳቅ ወንበር ላይ ለመውጣት ጊዜ ያላነሰኝ ሴትዮ፣ ለማረም አንድ ደረጃ መውጣት ከብዶኛል። ሻይ አጠጡኝ፣ ቅጹንም እዚያው ቁጭ ብለው አስተካከሉት። ነዳይ ወጣ፣ ምጽዋት ወጣ። አሥራ አንድ ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በቀጥታ ዘመናይ ቤት ሄድኩ።

ቤቱ በሴቶች ሞልቷል። ገና በሩን ሳልፍ፣ "መጣች፣ ዓይናችንን የገለጠችልን!" ብለው ተነሡልኝ። ምክር ላይ ነበሩ። የወላጆች ቀን ሐሙስ ነው፣ የኅዳር ሚካኤልም ያን ዓመት ሐሙስ ነው የሚውለው። የዘመናይ ሐሳብ ቀላል ነበር። ሚካኤልን እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ እንዘክረዋለን። ዝክር ሲዘከር ደግሞ የሚበላው ማን ነው? ነዳይ ነው። "ነዳይ ያሉንን ነዳይ አድርገን እናበላቸዋለን" አለች። ስታወራ ፊቷ በራ። ለበጉ ብላ ሁለት እሑድ ተጨማሪ ሥራ ይዛለች። የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ስለሚቀረው ሥጋው ሁሉ በቅበላ ስም መውጣቱ ነው።

እኔ አሥራ አንድ ወረቀት የያዘ ቦርሳ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ማለት የነበረብኝ አጭር ነው። እናንተ ካልፈረማችሁ የልጆቻችሁ አስተማሪ ትሄዳለች፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ የምትጎዳው ኑኃሚን ናት። አፌን ስከፍት አንዷ፣ "የዶሮውን ቁሌት ከእትዬ መነን በቀር ማንም እንዳይነካው" አለች። ሌላዋ፣ "እሷ ባታነብልን ኖሮ እኮ ፈርመን ተዋርደን ነበር" አለች። ዘመናይ ተነሥታ ጉንጬን ሳመችኝ። ያች ኩሩ ሴት ሰው ስትስም አይቼ አላውቅም። ከበዓሉ በኋላ እነግራቸዋለሁ፣ ገና ስምንት ቀን ይኖረናል ብዬ ቦርሳዬን ዘጋሁ። ሰው ለማላገጥ ሲሆን ወንበር ላይ ይወጣል፣ እውነት ለመናገር ሲሆን ቦርሳውን ይዘጋል። ሰው ስል ራሴን ነው።

ሐሙስ ደረሰ። እንደ ደንቡ የወላጆች ቀን ማለት አንዷ ኬክ፣ አንዷ የዱባ ሾርባ፣ አንዱ አባት ደግሞ ከሱቅ የተገዛ የድንች ጥብስ ከነላስቲኩ የሚያመጣበት ቀን ነው። ያን ዕለት አሥራ አንድ የሐበሻ ቤት ያለውን አወጣ፣ የሌለውንም አወጣ። አሥራ ስምንት ዶሮ፣ አንድ በግ፣ ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ አይብ፣ እንደ መኪና ጎማ የሚያህል ድፎ ዳቦ። ሴቶቹ ባለ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ወርቁ ግን አልበቃም፤ አንዲቱን ሐብል በዚያ ከሰዓት ሦስት አንገት ላይ አይቻታለሁ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ይሏል ይህ ነው። ጀርመኖቹ እናቶች ኬካቸውን ወደ ጥግ ገፋ ገፋ አደረጉ።

ቆጣሪውም መጣ። ሄር ኬስለር፣ አቶ ኬስለር እንደማለት፣ ይባላል፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ ሰው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆንልኝ እኔም በሱ አሳብቤ በተገላገልኩ። ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይዟል። ድህነት ፍለጋ ዓይኑን ከወዲያ ወዲህ ሲያንከራትት ዘመናይ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው።

"ትንሽ ብቻ" አለ ሰውየው። ዘመናይ ቆለለችለት። "በቃኝ፣ አመሰግናለሁ" አለ። በኛ አገር በቃኝ ማለት ጨምሪልኝ ማለት ነው፤ ጨመረችለት። ከዚያ በእጇ ጠቅልላ አጎረሰችው። መነጽሩ በላብ ተሸፈነ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደገመችው። ረኃብ ሊቆጥር የመጣ ሰው ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ ጉንጩ አብጦ፣ መናገር አቅቶት ተቀምጦ ሳየው እኔም ሳቅሁ። ሴቶቹም እየተነቃነቁ ሳቁ። ድል ያደረግን መሰለን።

ውጦ ሲያበቃ ኑኃሚንን ጠራት። "እናትሽን ጠይቂልኝ" አላት። "የትምህርት ቤቱ ምሳ ዋጋ ቤታችሁን ያስቸግራል?"

ኑኃሚን ወደ እናቷ ዞራ ጠየቀች። ዘመናይ በሰው ሐብል ቀና አለች። "ምን ጎድሎን ነው የሚያስቸግረን? ሞልቶናል በይው። ለሱም ይጨመርለት።"

ኑኃሚን አንዴ እናቷን፣ አንዴ ሰውየውን አየች። "ምንም አይጎድለንም" አለችው በጀርመንኛ። አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ሄር ኬስለር ጻፈው።

እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ የዶሮውን ጭልፋ ይዤ ቆሜያለሁ። ይህች ልጅ ከመስከረም ጀምሮ በደረቅ ዳቦ ነው የምትውለው ብዬ ብነግረው ይበቃ ነበር። በጀርመንኛ እንኳ ከባድ ዓረፍተ ነገር አይደለም፤ ለኔ ለጨላፊዋ እንኳ አይከብድም። ግን ዘመናይ እንዲያ ቀና ብላ ቆማ ሳለ፣ በሕዝብ ፊት አንገቷን መስበር ሆነብኝ። ለሚቀጥለው ሳህን ዶሮ ጨለፍኩ። ሰውየው በፎይል የተጠቀለለ ዶሮ ይዞ፣ እጅ እየነሣ ወጣ።

በማግስቱ ማለዳ ያልተፈረሙትን ወረቀቶቼን ይዤ ወደ ዲሬክተሯ ስገባ ነገሩ አልቋል። ሄር ኬስለር በዓይኑ አይቶ፣ በሆዱም አረጋግጦ ስለነበር ስምንቱን ቀን አልጠበቀም። ሪፖርቱን አነበበችልኝ። "በኢትዮጵያውያኑ ቤተሰቦች ዘንድ የችግር ምልክት አልታየም፤ እንዲያውም አስደሳች ብልጽግና ይታያል" ይላል። መንግሥታት በሃምሳ ዓመት ያቃታቸውን እኛ በአሥራ ስምንት ዶሮ ጨረስነው። ድህነት ከዞሰንሃይም ጠፋ።

ፍራው ቤርትራም ከገና በኋላ ከከተማው ማዶ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወረች። እዚያ ወላጆቹ ቅጽ መሙላት ያውቁበታል፣ ሁሉም ፈርመዋል አሉ። ድሃ ለመሆንም ትምህርት ያስፈልጋል። ኑኃሚን ማክሰኞ ዕለት ከምሳ በኋላ ደብተሯን ይዛ መጣችና ባዶውን ጥግ አይታ ተመለሰች። እናቷ አስተማሪዋ ለምን እንደሄደች አላወቀችም። እኔ አውቅ ነበር። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ጥር ሊያልቅ ደረሰ።

በጥር የመጨረሻው ቅዳሜ ከሰዓት ዘመናይ ደወለችልኝ። "እትዬ መነን፣ ደብዳቤው መጥቷል። ነይና አብረን እንስማው።" ኒድ ሰፈር ካለው ቤቴ ተነሥቼ ሄድኩ። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ዘመናይ ፖስታውን ከፍታ ለልጇ ሰጠቻት፤ በቤታቸው ደብዳቤ የምታነብ ኑኃሚን ናት።

ኑኃሚን ቆማ አነበበች። ዓይኗ እስከ ታች ወረደና እንደገና ወደ ላይ ተመለሰ። "ጊምናዚዩም መግባት ትችላለች ይላል" አለች።

ዘመናይ አማተበች። ልጇን ሳመቻት፣ ስልኳን አነሣችና ደሴ እህቷ ዘንድ ደወለች። እኔ በኑኃሚን ትከሻ ላይ አሻግሬ አየሁ። መጻፍ አልችልም እንጂ የታተመ እየተንተባተብኩም ቢሆን አነባለሁ። አሁን ባላት የጽሑፍ ችሎታ ጊምናዚዩም አይመከርላትም ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ ወላጅ ካልተስማማ እስከ ሐሙስ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስገባ፣ ለውይይት ይጠራል የሚል አለ።

ኑኃሚን እያነበብኩ መሆኔን አየች። "እባክሽ አትንገሪያት" አለችኝ በጀርመንኛ። "ሌላውም ትምህርት ቤት ጥሩ ነው።"

ሐሙስ ካለፈ አበቃ። ስልኩ ውስጥ የእህቷ እልልታ ይሰማል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ምላሴ ከአፌ እንዲጠፋ ተመኘሁ። "ዘመናይ፣ ስልኩን ዝጊው" አልኳት።

የደብዳቤውን ነገርኳት። ከጀመርኩ አይቀር ሁሉንም ነገርኳት። ፊርማው የሚቆጠረው ለምን እንደሆነ፣ ፍራው ቤርትራም በምን ምክንያት እንደሄደች፣ በዚያ ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ምን እንደነበረ፣ ከሄር ኬስለር አጠገብ ቆሜ ምን እንዳላልኩ። ዘመናይ አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችውና ወደ ልጇ ዞረች።

"አንቺስ ለምን ዋሸሽኝ?"

"አልዋሸሁም" አለች ኑኃሚን። "ለሰውየው ያልኩትን ነው ላንቺም ያልኩሽ። ምንም አይጎድለንም።"

ዘመናይ ልጇን አየቻት። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገች። "እትዬ መነን፣ ጻፊልኝ" አለች።

"ምን ብዬ?"

"እርዳታ እንፈልጋለን ብለሽ።"

ይህን ቃል ከዚያች ሴት አፍ እሰማለሁ ብዬ አላስብም ነበር። ስትለው አላለቀሰችም፣ ድምፅዋም አልተቀየረም። "እኔ በጀርመንኛ መጻፍ አልችልም፣ ዘመናይ" አልኳት። ያ ሁሉ ምላስ፣ አንድ መስመር አቃተው። እሷም አትችልም። በዚያ ቤት ጀርመንኛ የምትጽፍ፣ ጀርመንኛ መጻፍ አትችልም የተባለችው ልጅ ብቻ ነበረች።

ኑኃሚን ከቦርሳዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች። "እኛ" ብላ ጻፈች። "እንፈልጋለን" ብላ ጻፈች። ከዚያ እጇ ቆመ።

"ሂልፈ" አለች። "እርዳታ የሚለው። በትልቁ ፊደል ነው የሚጀምረው ወይስ በትንሹ?"

ጀርመንኛ ውስጥ በትልቅ ፊደል ካልጀመሩት ስሕተት የሚሆን ቃል አለ፤ የትኛው እንደሆነ ግን እዚህ አገር በኖርኩበት ሃያ ሁለት ዓመት ልብ ብዬው አላውቅም።

"ፍራው ቤርትራም ልታስተምረን ነበር" አለች ኑኃሚን። "ከገና በኋላ ብላን ነበር።"

ዘመናይ እኔን አየችኝ። እኔ ወረቀቱን አየሁ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን ይዛ አንዳችን እስክንነግራት ትጠብቃለች፣ ሁለታችንም አናውቅም።